የግቢ ፓርኪንግ ሲወደድ ባጃጅ የሚሳፈረው ተማሪ ምን ይሆናል?

የዩኒቨርሲቲ ግቢ የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ጨመረ ሲባል ብዙ ሰው "ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው" ብሎ ያልፈዋል። እውነት አለው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ባሉት ግቢዎች የሚማረው መደበኛ ተማሪ በብዛት ዶርም ያድራል፣ ካፌ ይበላል፣ ክፍል የሚገባው በእግሩ ነው። መኪና ይዞ የሚመጣ ተማሪ ቢገኝ በጣት የሚቆጠር ነው።

ግን ነገሩን በዚህ ከዘጋነው አንድ ትልቅ የተማሪ ክፍል ይረሳል። ቅዳሜና እሁድ የሚማረው አለ። ማታ የሚማረው አለ። የግል ኮሌጅ ተማሪው አለ። ቀን ባንክ፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት ወይም ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውሎ፣ ከደሞዙ ቆርጦ እየከፈለ ዲግሪውን ወይም ማስተርሱን የሚጨርስ ሰው ነው። ዶርም የለውም፣ ካፌ የለውም። ቤቱ ሐይቅ ሊሆን ይችላል፣ ኩታበር ሊሆን ይችላል፣ ሐርቡ ሊሆን ይችላል። ይመላለሳል።

እሱ መኪና የለውም። የመኪና ማቆሚያ ዋጋ ሲጨምር ግን አብሮ ይከፍላል፤ ደረሰኝ ሳይቆረጥለት። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ክፍያ ነው። ክፍያ የሰውን አመላለስ የሚቀይረው ሰውየው የሚዞርበት ሌላ አማራጭ ካለው ነው ብዬ አምናለሁ። አማራጭ ከሌለው መጀመሪያ ኪሱ ይጎዳል፣ ኪሱ ሲያልቅ ትምህርቱ ይቀራል።

ለምን አሁን? ዩኒቨርሲቲዎቻችን የውስጥ ገቢ ፈልጉ እየተባሉ ነው። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294 በ2015 ወጥቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኖ ገብቶበታል፣ ሌሎቹም ወደዚያው እየተዘጋጁ ነው። ገቢ ፍለጋ ሲጀመር ደግሞ ዓይን ቶሎ የሚያርፍባቸው ነገሮች ይታወቃሉ፦ የሱቅ ኪራይ፣ የአዳራሽ ኪራይ፣ የሰነድ ማውጫ፣ ከዚያ መኪና ማቆሚያ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2014ቱ ጦርነት ንብረቱ ተዘርፎና ወድሞ እንደገና የቆመ ተቋም ነው። ወልድያም እንደዚያው። ገንዘብ ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም። ከማን ኪስ እንደሚወጣ ግን ከመወሰኑ በፊት መታየት አለበት።

እስቲ ወደ በሩ እንሂድ። የማታ ክፍል ሲለቀቅ ማንኛውም ኮሌጅ በር ላይ ቆማችሁ እዩ። ባጃጆቹ ተደርድረዋል፣ "ፒያሳ! ፒያሳ!" ይባላል፣ ሦስት ሰው ሲሞላ ይነሳል። የተማሪው ዋና ትራንስፖርት ይሄ ነው። የግቢው አስተዳደር በሩ ላይ የሚቆም ተሽከርካሪ ሁሉ ይክፈል፣ ወይም የነበረው ክፍያ በእጥፍ ይጨምር አለ እንበል። ባለ ባጃጁ ምን ያደርጋል? ከኪሱ አይከፍልም። መክፈልም አይችልም። ለባለቤቱ የቀን ገቢ ማስገባት አለበት፣ ተራ አስከባሪ አለበት፣ ጎማ አለበት፣ ከሁሉም በላይ ነዳጅ አለበት። በ2014 ክረምት አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ይህ እንግዲህ የማደያው ዋጋ ነው። ሰልፉ አልደርስ ብሎት ከጀሪካን ነጋዴ የገዛ ሹፌር ደግሞ ከዚያ በላይ ከፍሏል።

ስለዚህ ሹፌሩ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ሒሳቡን በተሳፋሪው ላይ ይጨምራል፣ ወይ በሩ ላይ መቆሙን ይተዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። በሩ ላይ ባጃጅ ከሌለ ተማሪው እስከ ዋናው አስፋልት ይሄዳል፤ እዚያ የሚያገኘው ባጃጅ ደግሞ "ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም" ይለዋል። ሲመሽ ማን ይከራከራል? የተባለውን ከፍሎ ይገባል። ለሴት ተማሪ ደግሞ ነገሩ ከብር ያልፋል። መብራት በሌለበት መንገድ ያን ያህል መሄድ ስለማትፈልግ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ አቋርጣ ትወጣለች። መምህሩ ስሟን ሲጠራ የለችም። ትምህርት ቀርቶባታል፤ ምክንያቱ በሩ ላይ የተለጠፈው አዲስ ታሪፍ እንደሆነ ግን የትም አይጻፍም።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፣ ስሌቱን ግን ማንም በራሱ ዋጋ ሊሞክረው ይችላል። ኮምቦልቻ የምትኖር፣ ደሴ ቅዳሜና እሁድ የምትማር አንዲት ነርስ እንውሰድ። ከቤቷ እስከ መናኸሪያ ባጃጅ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ፣ ከደሴ መናኸሪያ እስከ ግቢ ሌላ ባጃጅ። ለመሄድ ሦስት፣ ለመመለስ ሦስት። በሁለት ቀን 12፣ በወር 48 ጊዜ ሒሳብ ትከፍላለች። በእያንዳንዱ ላይ 5 ብር ብቻ ቢጨመር በወር 240 ብር ይሆናል። ጭማሪው ብቻ ማለት ነው፤ ዋናው ሒሳብ እንዳለ ነው። ሦስቱም ላይ አይጨመርም፣ ግቢ የሚደርሰው ባጃጅ ላይ ብቻ ነው የሚጨመረው ብንል እንኳ 80 ብር ነው።

አሁን መኪና ያለውን እንይ። የቀን ማቆሚያ ከ20 ብር ወደ 40 ብር አደገበት እንበል። በወር 8 ቀን ይመጣል፣ ጭማሪው 160 ብር ነው። ብቻውን ከመጣ 160ውን ብቻውን ይከፍላል። ብዙ ጊዜ ግን ብቻውን አይመጣም። የኤክስቴንሽን ተማሪ ባህሪ ይሄ ነው፤ አንዱ መኪና ካለው ሦስቱ የክፍል ጓደኞቹ ነዳጅ አዋጥተው አብረውት ይመላለሳሉ። 160 ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰው 40 ብር ነው። መኪና ውስጥ ያለው 40 ብር፣ ባጃጅ ላይ ያለችው ደግሞ 80 ብር ወይም ከዚያ በላይ። ባለመኪናን ያስከፍላል ተብሎ የወጣ ታሪፍ መኪና በሌላት ላይ የሚከብደው በዚህ መንገድ ነው።

መምህሩም አለ። ከኮምቦልቻ ደሴ ወይም ከደሴ ኮምቦልቻ እየተመላለሰ ሁለቱም ግቢ የሚያስተምር መምህር ማቆሚያው ቢወደድበት ትምህርቱን አያቆምም። የሚመጣበትን ቀን ግን ለመቀነስ ይሞክራል፣ ያ ደግሞ የማካካሻ ክፍል ይወልዳል። ማካካሻ ማለት ለተማሪው ያልታሰበ ተጨማሪ የትራንስፖርት ቀን ነው። በዚህ ብዙ አልቆይም።

በሌላ አገር ይህ ክፍያ የሚሠራበት ምክንያት አለው፣ ምክንያቱንም መረዳት ይጠቅማል። በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ያለው ዩሲኤልኤ የሚባል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ዶናልድ ሹፕ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተከራከሩት በነጻ ማቆሚያ ላይ ነው። ነጻ የሚባል ማቆሚያ የለም፣ ባለመኪናው ያልከፈለውን ሌላው ይከፍለዋል ይሉ ነበር። ልክ ናቸው። ቦታው መሬት ነው፣ ጠጠር ይፈልጋል፣ ጥበቃ ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል። ያን ወጪ ግቢው ከሸፈነው መኪና የሌለውም ተማሪ አብሮ ሸፍኗል ማለት ነው። ስለዚህ ለብቻው መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው ይክፈል መባሉን አልቃወምም። በሐሳቡ እስማማለሁ።

ይሁንና ዋጋ ብቻውን ያን ያህል ጉልበት የለውም። በብዙ ጥናቶች የሚታየው፣ የማቆሚያ ዋጋ 10 በመቶ ሲጨምር በመኪና የሚመጣው ሰው የሚቀንሰው ከ1 እስከ 3 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ከፍሎ ይመጣል። ለውጥ ያዩት ዩኒቨርሲቲዎች ከዋጋው ጋር አብረው ሌላ ነገር ያቀረቡት ናቸው። ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እንደ ፈረንጆቹ በ1991 የማቆሚያ ዋጋ ሲጨምር በዚያው ጊዜ ዩ-ፓስ የሚባል የአውቶብስ መሳፈሪያ ለተማሪውና ለሠራተኛው አቀረበ፤ ከማቆሚያው የሚገኘው ገንዘብም ለዚሁ ፕሮግራም ይገባ ነበር። ዩሲኤልኤ በፈረንጆቹ 2000 ተማሪና ሠራተኛ መታወቂያውን አሳይቶ በከተማው አውቶብስ እንዲሳፈር አደረገ፤ በመጀመሪያው ዓመት በአውቶብስ ወደ ግቢ የሚመላለሰው ከግማሽ በላይ ጨመረ፣ ብቻውን ይነዳ የነበረውም በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። የእንግሊዟ ከተማ ኖቲንግሃም ከፈረንጆቹ 2012 ጀምሮ ለሠራተኞቻቸው ብዙ የመኪና ማቆሚያ ያላቸውን ቀጣሪዎች ታስከፍላለች፣ ገንዘቡም የከተማዋን የኤሌክትሪክ ባቡር ማስፋፊያ ደግፏል። በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ቅደም ተከተሉ ይታያል። መጀመሪያ ወይም ቢያንስ በዚያው ቀን፣ ሰው የሚሳፈርበት ነገር ቀርቧል።

የእኛን መልክዓ ምድር ደግሞ አስቡት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከ1900 በታች ናት። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፣ በመሀል ያለውን የሐረጎ ዳገት የሚያውቅ ሰው ያ 25 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ እንዳለ 25 እንዳልሆነ ያውቃል። ዳገት ነው፣ ጠመዝማዛ ነው፣ ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ሹፌሩ በጥንቃቄ እየሳበ ነው የሚወጣው። በእግር አይታሰብም፣ በሳይክል አይታሰብም። ኮምቦልቻ ከተማው ውስጥ ሜዳ ስለሆነ ሳይክል ያስኬዳል። ደሴ ግን ከጦሳና ከአዝዋ ተራሮች መሀል የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ቁልቁለትና ዳገት ነው። ሰው ባጃጅ የሚይዘው ደልቶት አይደለም።

ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ለሚመጣው ሌላ ጭንቀት አለ፦ የመመለሻው ሰዓት። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር ሲመሽ መንቀሳቀስ ከብዷል፣ መኪናም ቶሎ ይጠፋል። ተማሪው ትምህርቱን የሚከታተለው ሰዓቱን እያየ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በር ላይ የሚቆሙትን መኪኖች የሚያርቅ ማንኛውም ነገር፣ ክፍያም ይሁን ክልከላ፣ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይጎዳል።

አንዳንዱ "ታዲያ ለምን ቤት አይከራይም?" ይላል። የተከራዩ አሉ። ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይዘው ዓርብ ማታ የሚመጡ፣ እሁድ ከሰዓት የሚመለሱ። ግን ኪራይ የሚከፈለው ለወር ሙሉ ነው፣ እነሱ የሚያድሩበት ስምንት ሌሊት ነው። በዚያ ላይ ሁሉ ነገር የተወደደበት ጊዜ ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የደሞዝተኛው ኪስ ምን እንደመሰለ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ልጅ ያላት እናት ደግሞ ቅዳሜ ሌሊት ሌላ ከተማ አታድርም። ትመለሳለች።

ሌላው መዘዝ መንገድ ላይ የሚፈሰው መኪና ነው። ግቢ ውስጥ ማቆም ሲወደድ ባለመኪናው ከአጥሩ ውጭ ያቆማል። የትም አገር ያለ ነገር ነው፣ ደሴ ላይ ግን መንገዱ ጠባብ ነው። ሰሜንና ደቡቡን የሚያገናኘው ዋናው አስፋልት ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፣ የጭነት መኪናው፣ አውቶብሱ፣ ባጃጁ፣ በግ የሚነዳው ገበሬ ሁሉ እሱው ላይ ነው። በዳሩ መኪና ከተደረደረበት እግረኛው ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ግቢው ከማቆሚያ የሰበሰበውን ብር ከተማው በትራፊክ አደጋ ሊከፍለው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ክፍያውን ዩኒቨርሲቲው ወይም ኮሌጁ ብቻውን መወሰን የለበትም፣ የከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አብሮ መቀመጥ አለበት።

ምን ይደረግ ለሚለው የእኔን ልበል።

ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ፕሮግራም አወጣጥ ነው። ይህ ብር አያስወጣም። ከላይ ያልናት ነርስ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ክፍል፣ እሁድ ከሰዓት አንድ ክፍል ካላት ለሁለት ክፍል ሁለት ቀን ትመላለሳለች። ሁለቱ በአንድ ቀን ቢያዙላት የትራንስፖርት ወጪዋ በግማሽ ይወርዳል። ጭማሪው ብቻ ሳይሆን ዋናውም። ምንም ዓይነት የፓርኪንግ ታሪፍ ይህን ያህል መኪናም ሰውም ከመንገድ አይቀንስም። ፕሮግራም የሚያወጣው ክፍል መምህሩ የሚመቸውን ሰዓት ይጠይቃል፣ የመማሪያ ክፍል መኖሩን ያያል። ተማሪው ከየት እንደሚመጣ ግን አይጠይቅም። ቢጠይቅ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከከሚሴ የሚመጡትን ለይቶ ቢያንስ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ትንሽ ማርፈድ፣ የመጨረሻውን ሰብሰብ ማድረግ ይችላል።

ሁለተኛው ሰርቪስ ነው። በየተቋማችን ሰርቪስ የሚባለው ለሠራተኛ ነው። ቅዳሜና እሁድ የቆመ አውቶብስ ካለ ለምን ተማሪ አያመላልስም? በነጻ አልልም። ተማሪው ለሦስት መኪና የሚከፍለውን ለአንድ ይክፈል፣ ነዳጁም ከዚያ ይሸፈን። ከኮምቦልቻ ጠዋት አንድ፣ ከደሴ ማታ አንድ ጉዞ እንኳ ቢሆን ብዙ ሰው ይይዛል። የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ መሰብሰቡ ካልቀረ ደግሞ እዚህ ላይ ይግባ፣ በደረሰኝ፣ ተማሪው በሚያየው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ።

ባጃጅና ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማውረድና ለመጫን በሩ ላይ ሲቆሙ ምንም መክፈል የለባቸውም። ይልቁንስ ቦታ ይከለልላቸው፣ አንድ አምፖል ይተከልበት፣ የመስመሩ ታሪፍ በትልቁ ይጻፍበት። ታሪፉ ተጽፎ ከታየ ክርክሩም ይቀንሳል። ሹፌሩ "ነዳጅ ጨመረ" ሲል ተማሪው ሰሌዳውን ያሳየዋል፣ ሹፌሩም በሕጉ የተፈቀደለትን ሳያፍር ይጠይቃል።

ለመኪኖቹ ደግሞ ክፍያው እንደ ጭነታቸው ይሁን። ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው የመጡ አይክፈሉ ወይም ግማሽ ይክፈሉ። ብቻውን የመጣ ይክፈል። በር ላይ ያለው ጥበቃ ገብቶ የሚወጣውን ሁሉ ያያል፣ ሰው መቁጠር አያቅተውም። እንዲህ ከሆነ ባለመኪናው ራሱ "ከሐርቡ የምትመጣ አለሽ? ነይ እንሂድ" እያለ ተሳፋሪ ይፈልጋል። ይህ ልማድ በወሎ አዲስ ነገር አይደለም፣ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ዓይቶ ማለፍ የሚከብደው ሕዝብ ነው። ክፍያው ያን ልማድ ቢያግዘው መልካም ነው።

አካል ጉዳተኛ ተማሪም አለ፤ በሞተርም ሆነ በባጃጅ እስከ ክፍሉ በር መድረስ ያለበት። እሱ ከየትኛውም ክፍያ ነጻ ነው፣ በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም።

ይህን ሁሉ ከማድረግ በፊት ግን መቁጠር ያስፈልጋል። አንድ ቅዳሜ፣ አንድ እሁድ፣ አንድ የማታ ትምህርት ያለበት ቀን። በሩ ላይ ስንት ሰው በእግር ገባ፣ ስንት በባጃጅ፣ ስንት በሚኒባስ፣ ስንት በግል መኪና፣ በእያንዳንዱ መኪና ውስጥስ ስንት ሰው ነበር? ለዚህ የስታቲስቲክስ ወይም የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች አሉ፣ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስ ይፈልጋሉ። ኮምቦልቻ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይህን መሥራት የሚችል ተማሪም መምህርም አለው። በሴሚስተር ምዝገባ ጊዜ ደግሞ ቅጹ ላይ ሦስት ጥያቄ ይጨመር፦ ከየት ትመጣለህ፣ በምን ትመጣለህ፣ በአንድ ቀን ስንት ታወጣለህ? መልሶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ የኤክስቴንሽን ተማሪ ተወካይና የባጃጅ ማኅበሩ ሰው ባሉበት ስብሰባ ይጠራና የማቆሚያው ዋጋ እዚያ ይወሰን።